ዘፋኝ የሌለበት ካሴትና ዳኞቹ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ጉዳይ ስለ አንድ የሙዚቃ ካሴትና ስለ ተሰጠው ፍርድ ነው። ካሴቱ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» ይባላል፤ በውስጡ ካሉት ዜማዎች በአንደኛው ስምም «ሸሞንሟናዬ» እየተባለ ይጠራል። በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ ተቀርጾ ለአገር ቤት አድማጭ ተሸጠ፤ ጥቂት ዘመን ተደመጠ፤ ከዚያም እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቀረ። ሃያ ስምንት ዓመት ካለፈው በኋላ ግን በ2013 በውጭ አገር እንደ ገና ታትሞ ወጣ። የአሜሪካና የአውሮፓ የሙዚቃ ሐያስያንም ብዙ ጻፉለት፤ አመሰገኑት፤ በየራሳቸው ሚዛንም መዘኑት። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ስለ ካሴቱ ጣዕም ብቻ ለመናገር ቢሆን ኖሮ ሙዚቃውን ማሰማቱ ይበቃ ነበር፤ ንግግርም ባላስፈለገ። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ፍርዱ ያዘነብላል። አንድ ሥራ በአገሩ ሰዎች ጆሮ ፊት ድምፁን አጥፍቶ አልፎ በባዕዳን ብዕር ሲነግሥ፣ ይህ የሆነው ስለ ምን ነው? የባዕዳኑስ ፍርድ እስከ ምን ድረስ ትክክል ነው? የሰው ገንዘብ ሰው ቢያመሰግነው ደስ ያሰኛል እንጂ አያስከፋም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ራሱ ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል ሳይናገር ሌላው ስም ሲያወጣለት የተመለከተ ሰው፣ ጥቂት ማሰቡ አይቀርም።

አስቀድሞ የሠሪውን ነገር በአጭሩ እናውሳ። አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1946 በሸዋ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በወጣትነታቸው የያዙት መሣሪያ አኮርዲዮን ነበር። ኋላም ዘመኑ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ዘመን ሲሆን እሳቸውም ወደ ኦርጋኑ ተሻገሩ፤ ስማቸውም ከዋልያስ ባንድ ጋር ተያይዞ ታወቀ። ይህ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው ዝነኛ ባንድ ነው። (የሰሜን ተራራ አውሬ ለባንድ ስም ከሆነ፣ የባሌው ቀይ ቀበሮና የደጋው አጋዘን ምን አጥፍተው ቀሩ እያሉ የጎባ ሰዎች ሲቀልዱ ሰምቻለሁ።) በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበርና፣ ሙዚቀኞቹም እንግዳውን ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ያድሩ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ሰው ደግሞ አንዱን ዜማ አርዝሞ፣ አመላልሶና አገላብጦ መጫወትን ይማራል። ይህ ነገር በኋላ ለምናነሣው ጉዳይ ይጠቅማልና ልብ በሉት።

ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አሳተመ። ቼ በለው ማለት ፈረስን አስነሥቶ ማስጋለብ መሆኑን ለባሌ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በዚያ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የአቶ ግርማ በየነ ድርሰት ሲሆን፣ በኋላ ዘመን በብዙ አገር ሙዚቀኞች እጅ ዞሯል። አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፈውበታል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄደ። ጉዞው ሲያበቃ ከሙዚቀኞቹ አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አቶ ኃይሉ፣ አቶ ግርማ በየነ፣ አቶ ሞገስ ሀብቴና አቶ መላኬ ገብሬ በዚያው ቀሩ።

እንግዲህ ከአራት ዓመት በኋላ በዋሽንግተን ስቱዲዮ የገቡት አቶ ኃይሉ ባንድ አልነበራቸውም፤ አዳራሽ ሙሉ ታዳሚም አልነበራቸውም። ከእሳቸው ጋር የነበሩት የዘመኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህም ሮድስ የተባለው ፒያኖ፣ ሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረው ያማሃ ዲኤክስ ሰባት፣ እንዲሁም በሰው እጅ ፈንታ በኤሌክትሪክ ከበሮ የሚመታ መሣሪያ ነበሩ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የወጣትነታቸውን አኮርዲዮን ጨመሩ። ክላሲካል መሣሪያው የተባለውም እሱው ነው። አንዱን ድምፅ በአንዱ ላይ እየደረቡ ብቻቸውን ባንድ ሆኑ። ዜማዎቹም አብዛኞቹ ሕዝብ የሚያውቃቸው የቆዩ ዜማዎች ናቸው፤ «አምባሰል» አለበት፤ «ሽለላ» አለበት፤ «ሸሞንሟናዬ» አለበት። ካሴቱ ከዳር እስከ ዳር የመሣሪያ ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚመራው ዘፋኝ የለም።

አሁን ወደ ሐያስያኑ እንምጣ። በ2013 ካሴቱን ያሳተመው ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ነው። በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ የካሴት መሸጫ ገዝቶ ቢያደምጠው ወደደው፤ የአቶ ኃይሉን ስልክ ፈልጎ አገኘና ደወለ፤ «ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው ማሳተሚያውም አወጣው። ሐያስያኑ የሰጡት ፍርድ በአጠቃላይ ሲታይ ምስጋና ነው። ሕልም የመሰለ፣ የሚያፈዝ፣ ዘመኑ የማይታወቅ ሙዚቃ ነው አሉት። አንዳንዶቹም ሳይኬዴሊክ አሉት።

ይህ ቃል ለአንዳንድ አድማጭ እንግዳ ይሆን ይሆናልና ልተርጕመው። በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ወጣቶች ዘንድ አንድ የሙዚቃ ዓይነት ተነሣ። ጊታሩና ኦርጋኑ በኤሌክትሪክ ኀይል እንዲንቀጠቀጥ፣ ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ እንዲመላለስ፣ አድማጩም አእምሮው ከማሰሪያው እንደ ተፈታ እንዲሰማው ይደረግ ነበር። ከሚያስክር ዕፅ ጋርም የተያያዘ ነበር። ያ ዘመን ካለፈ በኋላ በየአሥርና በየሃያ ዓመቱ አዳዲስ ወጣቶች እየተነሡ ያንኑ የአባቶቻቸውን ድምፅ መልሰው ይሠሩታል፤ ይህንን ወደ ኋላ ተመልካችነት ሬትሮ ይሉታል። እንግዲህ የውጭው ሐያሲ የአቶ ኃይሉን ካሴት ሲያደምጥ በቤቱ ያለው መሶብ ይህ ብቻ ነበርና፣ እንጀራውን በዚያው ውስጥ አስቀመጠው።

እኔ እንደማስበው ጆሮው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ምክንያቱን ሲሰጥ ነው። ካሴቱ ያፈዛል ወይ? አዎን፣ ያፈዛል። ነገር ግን ያፈዘዘው የአሜሪካ ወጣቶች ዕፅ አይደለም፤ ቅኝት ነው። አምባሰልን እንውሰድ። አምስት ድምፆች አሉት። ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ይርቃል፤ ከዚያ ሰፊ ዝላይ አለ፤ አንድ መጠነኛ እርምጃ ይከተላል፤ እንደ ገናም ግማሽ ድምፅ፣ እንደ ገናም ሰፊ ዝላይ አድርጎ ወደ መነሻው ይመለሳል። አንቺሆዬ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ለባዕድ ጆሮ ያስቸግራል፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ድምፆች ተጣብቀው ይቆሙና በመካከላቸው ሰፊ ገደል ይኖራል። በአውሮፓ ዜማ ያደገ ጆሮ ይህን ሲሰማ መሬቱ ከእግሩ ሥር የተንሸራተተ ይመስለዋል። እኛ ግን በሰርግ ቤት፣ በልቅሶ ቤትና በጠላ ቤት ያደግንበት ነው፤ ብንፈዝ እንኳ ከናፍቆት የተነሣ እንጂ መሬቱ ከድቶን አይደለም። ዜማው መርዘሙና መመላለሱም ከየት እንደ መጣ ቀደም ብዬ ነግሬአችኋለሁ፤ እስኪነጋ ከሚዘልቅ የሆቴል ሥራ ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሐያስያኑ ካሴቱን የአሮጌ ዘመን ድምፅ አድርገው ሲቀበሉት አሮጌ ያሉት የትኛውን ነው? የሲንተሳይዘሩንና የከበሮውን መሣሪያ ድምፅ ነው፤ የ1980ዎቹ ዓመታት ምልክት ነውና። አቶ ኃይሉ ግን እነዚህን መሣሪያዎች በ1985 ሲነኩ እጅግ አዲስ የሆነውን ነገር መንካታቸው ነበር። ለእሳቸው አሮጌው አኮርዲዮኑ ነው። በአዲስ አበባ አኮርዲዮን የተወደደበት ጊዜ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ግን ቀስ በቀስ ወደ ጓዳ ገባ። እሳቸው ያደረጉት ከጓዳ አውጥተው በአዲሱ መሣሪያ አጠገብ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ በአንዱ ካሴት ውስጥ ሁለት ትዝታ ተደራርቧል፤ በስደት ያለ ሰው ለወጣትነቱ ያለው ትዝታና ያንን ዘመን ያልኖረበት የውጭ አድማጭ ለ1980ዎቹ ያለው ትዝታ። ሁለተኛውን የጻፉለት ብዙ ናቸው፤ ስለ ፊተኛው ግን አኮርዲዮኑ ሲጠቀስ እንኳ ለጌጥ ያህል ነው። ይህን ቢጽፍ የሚያምርበት የአዲስ አበባን የአኮርዲዮን ዘመን የሚያውቅ የእኛው ሰው ነበር።

የእኛው ሰው ስለ ምን አልጻፈም? ይህን ጥያቄ ሳወጣና ሳወርድ የቆየሁት ቢሆንም፣ መልሱን ያገኘሁት በመጻሕፍት ውስጥ ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው።

ለሥራ ወደ ባሌ ወርጄ ሳለሁ ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን ሜዳ ሲወጣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከባሕር ወለል ከፍ ይላል፤ የ4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከዚያ ሜዳው በድንገት ይቆረጥና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሃረና ጫካ ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ሰው ከውርጭ ወደ ቡና አገር ይገባል፤ ዛፉ ሽበት አብቅሎ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ በየቅርንጫፉ የማር ቀፎ ተሰቅሏል። ሾፌሩ ያንን የአቶ ኃይሉን ሥራ ከፍቶ ነበር። እኔም ሐያስያኑ ሕልም ያሉትን ነገር በልቤ እያስታወስኩ በመስኮቱ ስመለከት፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ቃሉ ያን ያህል የራቀ አልመሰለኝም።

ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ነበር፤ በዶሎ መና የመንግሥት ሥራ አግኝቶ የሚሄድ ነው። ጥቂት ካደመጠ በኋላ ወደ ሾፌሩ ዘንበል ብሎ፣

«ወንድሜ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለው።

ሾፌሩም ሳቅ ብሎ፣ «ዘፋኝ የለውም» ሲል መለሰለት።

«እንግዲያስ ምኑን እናደምጣለን?»

ውድ አድማጮች፣ በዚህ ወጣት አትሳቁበት። የጠየቀው የብዙዎቻችንን ጥያቄ ነው። በእኛ አገር ዘፈን የሚመዘነው በግጥሙ ነው። ቅኔ ያሳደገን ሕዝብ ነንና፣ ሰምና ወርቁን እስክንፈታ ድረስ ጆሮአችን አያርፍም። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል እንጂ ስለ ቅኝቱ አይከራከረውም። በባሌም ቢሆን ነገሩ ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ የኦሮሞ ሽማግሌ ገረርሳ ሲያወርድ አድማጩ የሚይዝለት ቃሉን ነው፤ ማንን እንዳነሣ፣ ማንን እንደ ነቀፈ፣ ምን ጀግንነት እንደ ተናገረ። ለዚህ ነው ያለ ቃል የተሠራ ሙዚቃ በእኛ ዘንድ የሥራ ስም ሳያገኝ የቆየው። የት ይሰማል ብላችሁ ብታስቡ፣ ከዜና በፊት ይሰማል፤ በሁለት መርሐ ግብር መካከል ይሰማል፤ ንግግር ሲቋረጥ ይሰማል። በስርጭት ሥራ ያለው የቆየ ልማድ ዘፈን ሲሆን የዘፋኙን ስም መጥራት፣ የመሣሪያ ሙዚቃ ሲሆን ግን እንደ ውኃ እንዲያልፍ መተው ነው። ጋዜጠኛውም እንደዚያው፤ ስለ ግጥም ሙግት ይገጥማል፣ ስለ ዜማ ግን «ጣዕመ ዜማው የተዋጣለት ነው» ብሎ ያልፋል።

ጆሮ ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ አልጠፋም። የዜማ ትምህርት ቤቶቻችን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ሲያስተምሩ አንዲት ድምፅ ስትዛነፍ መምህሩ ተማሪውን ያስቆማል፤ ድጓ የተማረ ሰው የዜማን ልክ ከአውሮፓ ሐያሲ ባነሰ አያውቅም። እንዲያ ያለው ጥንቃቄ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ወደ ሆቴል ቤቱ ሙዚቃ አልተሻገረም። የውጭው ሐያሲ በበኩሉ ቋንቋችንን ስለማያውቅ ድምፁን ከመስማት በቀር ምርጫ የለውም። በ1986 የአቶ ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በቤልጅግ አገር ሲታተም፣ ከ1997 ጀምሮም «ኤቲዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ እትም በፓሪስ ሲወጣ፣ አብዛኛው የውጭ አድማጭ ከግጥሙ አንዲት ቃል ሳይገባው ነው ያጨበጨበው። ድንቁርናው ለአንድ ነገር ጠቀመው ማለት ነው፤ እኛ በቃል ተሸፍኖ የማናየውን ቅርጽ እሱ ራቁቱን አየው።

የመኪናውን ነገር ግን አልጨረስኩም። ሪራ የተባለችውን መንደር አልፈን ስንወርድ «ሸሞንሟናዬ» መጣ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ፣ የዜማውን ቃል በቀስታ ያንጎራጉሩ ጀመር። ለማንም ሰው ብለው አይደለም። አኮርዲዮኑ ሲቆም ይቆማሉ፤ ሲቀጥል ይቀጥላሉ። ወጣቱ ዘወር ብሎ አያቸውና፣

«እማማ፣ ያውቁታል እንዴ?» አላቸው።

«ልጄ፣ ይህን የማያውቅ ማን አለ? ሰርግ ላይ ስንቱን ሌሊት ያነጋንበት!» አሉት።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ይህ ካሴት ቃል የሌለው ለባዕድ ብቻ ነው። አገሬው ሲያደምጠው ግጥሙን ከራሱ ያወጣል፤ ዘፋኙ አድማጩ ራሱ ነው። አቶ ኃይሉ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን ዜማዎች መርጠው ዘፋኙን ያስቀሩት፣ የዘፋኙን ስፍራ ባዶ ትቶ ለአድማጩ ለመስጠት ይሆን? ሐሳባቸውን በእርግጥ መናገር አልችልም፤ የሆነው ግን ይህ ነው። «ሽለላ»ን ተመልከቱ። ሽለላ በባሕርዩ የአፍ ሥራ ነው፤ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ ዘሩንና ጀግንነቱን ቈጥሮ፣ ድምፁን ወደ ሰማይ የሚወረውርበት ነው። ሰውየውንና ቃሉን አውጥታችሁ ዜማውን ለአኮርዲዮን ብትሰጡት የሚቀረው የፉከራው እስትንፋስ ነው። አኮርዲዮን ደግሞ እንደ ሰው ሳንባ አየር እየሳበና እየተነፈሰ የሚናገር መሣሪያ ነው። ገረርሳ የሚያውቅ የባሌ ሰው ይህን ሲሰማ ማንም ሳይተረጕምለት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ከዋሽንግተንና ከለንደን ሐያሲ መጠበቅ ግን ተገቢ አይደለም፤ በሰርጋችን አልነበረማ።

ሐያስያኑ ሌላም የወደዱት ነገር ነበር፤ እሱም ታክሲው ነው። አቶ ኃይሉ ከመድረክ ከራቁ በኋላ በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ፒያኖ ያስቀምጡና፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ትጋታቸውንም ያሳያል። ነገር ግን በየጽሑፉ ታክሲው ከፊት እየቀደመ ሙዚቃው ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ታክሲ መንዳት የተከበረ ሥራ ነው፤ ከእኛም መካከል ከመሥሪያ ቤት መልስ ሌላ ሥራ የሚሠራ ስንት አለ! ነገር ግን አንድ መጽሐፍ ደራሲው ቀን ቀን መዝገብ ቤት ስለሚሠራ መልካም መጽሐፍ አይሆንም። ምስጋና በርኅራኄ ከተሰጠ ሥራው አልተመዘነም ማለት ነው።

እስቲ እኛው እንመዝነው። በእኔ አስተያየት የካሴቱ ጉድለት በከበሮው ላይ ነው። መሣሪያው ሳይደክም፣ ሳይፈጥን፣ ሳይዘገይ ይመታል። የእኛ እስክስታ ደግሞ ከበሮ መቺው ጭፈራውን አይቶ እንዲከተል ይፈልጋል፤ ትከሻው ሲሞቅ ከበሮውም መሞቅ አለበት። ከ«ቼ በለው» ሸክላ ጋር አስተያይታችሁ ብትሰሙት ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል፤ በዚያ ላይ ሰዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ በዚህ ላይ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ይነጋገራል። ከዜማዎቹም ጥቂቶቹ ከአስፈላጊው በላይ ተመሳስለዋል። በአንጻሩ ግን ይኸው ብቸኝነት የካሴቱ ጸጋ ነው። አንድ ሰው በሰው አገር፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ የአገሩን ሰርግ ብቻውን ሲደግስ የሚሰማበት ሌላ ካሴት አላውቅም። አምባሰሉ ላይ አኮርዲዮኑ ሲገባ ይህ በግልጽ ይሰማል። ሐያስያኑ ሕልም ያሉት ይህን ከሆነ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ናፍቆት ብዬ እጠራዋለሁ።

ፍርዱ ጥቅም አላመጣም ብዬ ግን አልከራከርም። ካሴቱ እንደ ገና ከታተመ ወዲህ አቶ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በልዩ ልዩ አገሮች ተዘዋውረው ተጫወቱ። በ2018 ቶኒ በክ ከተባለው ከበሮ መቺና ማይክ ማይኮውስኪ ከተባለው የባስ ተጫዋች ጋር ሆነው «ላላ በሉ»ን አወጡ። በዚህኛው ከበሮው በሰው እጅ ነውና ይተነፍሳል። የመጨረሻው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ግን አቶ ኃይሉ ብቻቸውን በፒያኖ የተጫወቱት ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው። በ2020ም «የኔ ምርጫ» ተከተለ። የድሮው ጓደኛቸው አቶ ግርማ በየነ እንኳ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባሉ የፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ ሥራ አቀረቡ። እነዚያ ፈረንሳውያን ወጣቶች የእኛን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹን ሙዚቃ በፓሪስ ተቀምጠው ያጠኑ ናቸው። ወደ ኋላ ተመልካችነቱ እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ደርሷል፤ የእኛን ትናንት ለማጥናት የሌላ አገር ወጣት ይተጋል።

እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆናችሁ አድማጮቼ አንድ ጉዳይ ላመልክት። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከደራሲው በተጨማሪ ለከዋኙም መብት ሰጥቷል። መሣሪያ የተጫወተ ሰው ከዋኝ ነው። ይህ መብት ሥራ ላይ የሚውለው ግን የተጫዋቹ ስም ሲታወቅ ነው። በብዙ የቆዩ ካሴቶቻችን ላይ ደግሞ በጉልህ የተጻፈው የዘፋኙ ስም ነው፤ ኦርጋኑን ማን ነካው፣ ሳክስፎኑን ማን ነፋው ቢባል የሚመልሰው የአዛውንት ትውስታ ነው። አዛውንትም አይቆዩም። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው የስም መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ስለዚህ በየቤታችሁ፣ በአልጋ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ፣ የድሮ ካሴት ካለ አውጥታችሁ ተመልከቱት። የካሴት ክር እርጥበት ያበላሸዋል፤ እንደ ሃረና ባለ ጭጋጋማ አገር ይልቁንም ይሻግታል፤ ፀሐይና ምድጃ አጠገብም አይቀመጥም። ክሩ ቢበላሽ እንኳ የሽፋኑን ወረቀት አትጣሉት፤ ስሞቹ ያሉት በእሱ ላይ ነው። በሰርግ ላይ ወይም በሆቴል ቤት ከእነማን ጋር ሆኖ እንደ ተጫወተ የሚያስታውስ የድሮ ሙዚቀኛ በሰፈራችሁ ካለም፣ ቡና አፍሉለትና የጓደኞቹን ስም በወረቀት አስፍሩ።

«ሸሞንሟናዬ»ን ላልሰማችሁ ሰዎች ደግሞ አሰማሙን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አምባሰሉን ስሙ፤ ቀጥሎ ሽለላውን፤ የካሴቱን ስም የያዘውን ዜማ ግን ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፉ ሰው ባሉበት ጊዜ ክፈቱት፤ ከዚያም ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ አቶ ግርማ በየነና ስለ «ሙዚቃዊ ስልት» ጥቂት እናገራለሁ። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።